ባልቲሞር ወደብ ድሮ ምን ነበረች? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

ካሚዮን ሾፌሩ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ከባልቲሞር ወደብ ኮንቴይነር አነሳለሁ። ከተማዋን ግን የማውቃት በትራኩ መስኮት ነው። ባለፈው ቅዳሜ እረፍት ስለነበርኩ ባለቤቴን ይዤ ዓሣ ልንበላ ፌልስ ፖይንት ሄድን። መንገዱ ድሮ የተነጠፈ ድንጋይ ነው። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ ስለነበር በኤሊ ፍጥነት ነው የሄድነው። (ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀድሜ አልነገርኳትም።)

ዳላስ የምትባል ጠባብ መንገድ ላይ አምስት የተያያዙ የጡብ ቤቶች አየን። «ዳግላስ ፕሌስ» የሚል የእብነ በረድ ጽሑፍ አላቸው። ከባርነት አምልጦ ባርነትን በንግግርና በጽሑፍ የታገለው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው በ1892 ያሠራቸው አሉን። እኔ ዳግላስን የዋሽንግተን ዲሲ ሰው አድርጌ ነው የማውቀው። በስሙ የተሰየመው ድልድይም ዲሲ ነው፣ ቤቱም ዲሲ ነው። ባልቲሞር ምን ያደርግ ነበር? ባልቲሞር ያለችባት ሜሪላንድስ ባርነት የነበረባት ግዛት አይደለችም እንዴ? ጠይቄ ባገኘሁት መልስ ላይ ሌላ አምስት ጥያቄ ተጨመረብኝ። የምታውቁ ወዲህ በሉ።

---

የላውረሉ · ሰኞ ማታ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ከወደቧ ልጀምርልህ፣ ዳግላስን ሌላ ሰው ያመጣልሃል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ካርታ ክፈት። ባልቲሞር ባሕር ዳር ያለች ይመስልሃል እንጂ ከውቅያኖሱ ሩቅ ናት። መርከብ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወደ ውስጥ ብዙ ተጉዞ ነው የሚደርስባት። ይህ ጉዳት ይመስላል፤ ግን ሀብቷ እዚያው ላይ ነው። ከምሥራቁ ጠረፍ ትልልቅ ወደቦች ውስጥ ለምዕራቡ ስንዴ አምራች አገር በጣም የምትቀርበው እሷ ነበረች። ደግሞ ዙሪያዋን ከኮረብታ የሚወርዱ ወንዞች አሉ። ወንዝ ማለት ወፍጮ ነው። ስንዴው በጋሪ ይወርዳል፣ ይፈጫል፣ ዱቄቱ በበርሜል ሆኖ መርከብ ላይ ይወጣል። በ1790 የከተማዋ ሕዝብ 13,503 ነበር። በ1830 ደግሞ 80,620። ያኔ ከኒውዮርክ ቀጥሎ የአሜሪካ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ሆነች።

ከዚያ ኒውዮርኮች በ1825 የኢሪን ቦይ ቆፍረው ጨረሱ። የምዕራቡ እህል በጀልባ ወደ እነሱ መጉረፍ ጀመረ። የባልቲሞር ነጋዴዎች ደነገጡ። እዚህ ተራራ አለ፣ ቦይ መቆፈር አይታሰብም። ስለዚህ ያኔ ገና እንደ እብደት የሚታይ ነገር አደረጉ፤ በ1827 የባቡር ኩባንያ አቋቋሙ። ባልቲሞርና ኦሃዮ የተባለው ነው። የመሠረት ድንጋዩን በጁላይ 4፣ 1828 የጣለው ቻርልስ ካሮል ነው፤ የአሜሪካን የ1776 የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች በሕይወት የቀረ ብቸኛው፣ የ90 ዓመት ሽማግሌ።

የሚያስቀው፣ በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ዲሲ አጠገብ የሌላ ቦይ ቁፋሮ እያስጀመሩ ነበር። ጆርጅታውን ውስጥ ዛሬ ሰው የሚሮጥበት ቦይ ማለት ነው። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ተሽቀዳደሙ። ባቡሩ ከምበርላንድ ከተማ በ1842 ደረሰ። ቦዩ በ1850። ባቡሩ በ1853 መጀመሪያ ላይ ዊሊንግ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ሲገባ ቦዩ ከምበርላንድ ላይ ቆሞ ቀረ።

---

ፈረስ ይሻላል · ማክሰኞ ጠዋት

የፈረሱን ታሪክ ዘለልከው እኮ! በ1830 ፒተር ኩፐር የሚባል ሰው ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ሠርቶ በሐዲዱ ላይ ከፈረስ ጋር ተወዳደረ ይባላል። ሞተሩ እየመራ ሳለ ማስተላለፊያ ቀበቶው ተንሸራቶ ወጣ። ፈረሱ አሸነፈ። ኩባንያው ግን ፈረሱን ነው የተወው። ዕድል የሌለው ፈረስ።

---

እትዬ · ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ልጆቼ፣ እኔ ባልቲሞር ሆስፒታል ውስጥ ለብዙ ዓመት የሌሊት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የዳግላስን የሕይወት ታሪክ፣ እሱው ራሱ የጻፈውን፣ ደጋግሜ አንብቤያለሁ። የሱን ነገር ለኔ ተዉልኝ።

ዳግላስ የተወለደው በ1818 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ታልቦት በሚባል የገጠር ወረዳ ነው፣ በባርነት። ወደ ባልቲሞር የላኩት በ1826፣ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። የመጀመሪያ ሱሪህን እንሰጥሃለን ስላሉት ሦስት ቀን ሙሉ ወንዝ ወርዶ የእግሩንና የጉልበቱን ንቃቃት እየፈተገ ታጠበ። ያቺ ልጅነት አንጀቴን ትበላኛለች። የመጣባት ጀልባ በግ ጭና ነበር። እሑድ ጠዋት ደርሰው በጎቹን እየነዳ እስከ ቄራ አደረሰ። ከዚያ ነው ሂው ኦልድ ቤት፣ አሊሲያና መንገድ፣ ፌልስ ፖይንት የገባው። ሾፌሩ፣ ዓሣ የበላህበት ሰፈር ነው እንግዲህ።

የቤቱ እመቤት ሶፊያ ፊደል አስቆጠረችው። ባሏ ሰማና ጮኸባት፤ ማንበብ የሚያውቅ ባሪያ አይታዘዝም ብሎ። ዳግላስ የነጻነት መንገዱን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው ይላል፤ ጌታው የፈራውን ነገር ፈለገ። ዳቦ ከቤት ይዞ ይወጣና ለተራቡ የነጭ ልጆች ይሰጣል፤ እነሱ በምትኩ ንባብ ያስተምሩታል።

መጻፉን ደግሞ ያስተማረችው የመርከብ ማነጫዋ ግቢ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ። አናጺዎች እንጨት ጠርበው ሲያዘጋጁ ግንዱ መርከቡ ላይ የት እንደሚገባ ፊደል ይጽፉበታል። ለግራ ጎን ኤል፣ ለቀኝ ጎን ኤስ፣ ለግራ ፊት ኤልና ኤፍ፣ ለቀኝ ኋላ ኤስና ኤ። እያየ አራቱን ፊደል መጻፍ ቻለ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ መጻፍ የሚችል ልጅ ሲያገኝ «እኔም እንዳንተ እጽፋለሁ» ይለዋል። «ውሸትህን ነው፣ ጻፍ እስቲ» ሲባል አራቷን ይጽፍና «በል አንተ ከዚህ የተሻለ አሳየኝ»። ልጁ በእልህ ሌላ ፊደል ይጽፋል፤ እሱ ዓይኑን ተክሎ ይማራል። ደብተሩ አጥርና ግድግዳ፣ ብዕሩ የኖራ ቁራጭ። እኔ ልጆቼን ፊደል አስቆጥሩ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተክርስቲያን ስወስዳቸው ይህን እነግራቸው ነበር። ዓይናቸውን ያንከባልሉብኛል።

---

ሞጋች · ማክሰኞ ማታ

እትዬ ከልብ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቤት ሰው አስተማረው፣ ከነጭ ልጅ ጋር ይጫወታል፣ ከተማ ውስጥ እንደልቡ ይዞራል። ታዲያ የባልቲሞር ባርነት ቀለል ያለ ነበር ማለት ነው? እንደዚያ ከሆነ ብዙ የሰማነው ነገር ተጋነነ ማለት ነዋ።

---

የላውረሉ · ማክሰኞ ማታ

ሞጋች፣ ዳግላስ ራሱ የከተማ ባሪያ ከገጠሩ ጋር ሲነጻጸር ነጻ ሊባል ምንም አይቀረው ብሏል። ስለዚህ ግማሹን ልክ ነህ። ግማሹን ግን አይደለህም።

የሜሪላንድ ትንባሆ መሬቱን አደከመው። ገበሬው ወደ ስንዴ ዞረ። ስንዴ ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛ አይፈልግም። ጌታው ሰውየውን ከማስቀመጥ ይልቅ ከተማ ልኮ ያከራየዋል፣ ወይም ይህን ያህል ዓመት አገልግለህ ነጻ ትወጣለህ ብሎ ይዋዋለዋል፣ ወይም ገንዘብ እያጠራቀመ ራሱን እንዲገዛ ይፈቅድለታል። ለዚህ ነው በ1860 ባልቲሞር ከ25,000 በላይ ነጻ ጥቁሮች የነበሯት። በአገሪቱ ውስጥ እንደሷ ብዙ ነጻ ጥቁር ያለባት ከተማ አልነበረችም። በባርነት የነበሩት 2,200 ገደማ ብቻ ናቸው።

ግን አራተኛ መንገድም ነበር፤ ሰውየውን መሸጥ። በ1808 ከአፍሪካ ሰው ማስገባት በሕግ ተከለከለ። ደቡቡ ጥጥ እያስፋፋ ነው፣ ሰው ይፈልጋል። ዋጋው ናረ። ኦስቲን ዎልፎክ የሚባል ነጋዴ ፕራት ስትሪት ላይ የሰው ማጎሪያ ግቢ ነበረው። ጋዜጣ ላይ «ጥቁሮችን በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ» ብሎ ያስነግራል። የገዛቸውን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይልካል። ከማጎሪያው ወደ መርከቡ የሚነዷቸው በሌሊት ነበር፣ ሰው እንዳያይ። ዳግላስ ልጅ ሆኖ ፌልስ ፖይንት ተኝቶ በእኩለ ሌሊት በደጃቸው የሚያልፈውን የሰንሰለት ድምፅና ለቅሶ እየሰማ ይነቃ እንደነበር በ1852 ባደረገው ንግግር ተናግሯል። የተሻለው ባርነት ይህን እየሰሙ መተኛት ነው። ነገ እኔንስ?

---

ሞጋች · ማክሰኞ ማታ

ገባኝ። «ቀለል ያለ» ያልኩትን አንስቻለሁ።

---

እትዬ · ረቡዕ ጠዋት

አይዞህ፣ መጠየቅህ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልህና ልተኛ።

ዳግላስ ጎረምሳ ሲሆን በ1836 ጋርድነር የሚባል ሰው የመርከብ ግቢ ውስጥ አስገቡት። ለሜክሲኮ መንግሥት ሁለት የጦር መርከብ በጥድፊያ ይሠሩ ነበር። የነጭ አናጺዎች ከነጻ ጥቁር ጋር አንሠራም ብለው ሥራ አቆሙ። ከዚያ ተለማማጆቹ በሱም ላይ ተነሱበት። አራት ሆነው ደበደቡት፤ ዓይኑ ሊፈርጥ ነበር። ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች ቆመው አዩ፣ አንድም የገላገለ የለም። ጌታው ሊከስ ዳኛ ዘንድ ወሰደው። ዳኛው የነጭ ምስክር አምጣ አለ። ነጭ ለጥቁር አይመሰክርም፣ ጥቁር ደግሞ በነጭ ላይ መመስከር አይችልም። ክሱ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ሌላ ግቢ ገብቶ ስንጥቅ መወተፍ ተማረ። ይህን ሥራ የማታውቁ ካላችሁ፦ የእንጨት መርከብ ሳንቃና ሳንቃው መሃል ክፍተት አለው። ያረጀ ገመድ ይፈታና ቃጫው በቅጥራን ተለውሶ ይጠመዘዛል። በሰፊ መሮና በእንጨት መዶሻ እየተመታ ክፍተቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከላዩ የፈላ ዝፍት ይፈስበታል። ይህ ካልተሠራ መርከቡ ውሃ ያስገባል። ባልቲሞር ውስጥ ይህን ሙያ በብዛት የያዙት ጥቁሮች ነበሩ። ዳግላስ በቀን አንድ ዶላር ከሃምሳ ደረሰ። ቅዳሜ ማታ ሳንቲሟ ሳትቀር ለሂው ኦልድ ያስረክባል። ስድስት ዶላር ሲያመጣ ሰውየው አንዳንዴ ስድስት ሳንቲም «ለማበረታቻ» ይመልስለታል። ዳግላስ ምን አለ መሰላችሁ? ስድስት ሳንቲም መስጠቱ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የኔ እንደሆነ ማመኑ ነው አለ።

ሴፕቴምበር 3፣ 1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ ከጓደኛው የተዋሰውን፣ ነጻ ሰው መሆንን የሚያስረዳ የመርከበኛ ወረቀት ይዞ ባቡር ላይ ወጣ። በገንዘብ በማገዝ አና መሬይ የምትባል ነጻ ሴት፣ በኋላ ሚስቱ፣ ትልቅ ድርሻ አላት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልክ የሱን አይመስልም። ተቆጣጣሪው ከላይ ያለውን የንስር ማኅተም አየና አለፈው። ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ኒውዮርክ ገባ።

---

ጀበና · ረቡዕ ከሰዓት

ስለ ቡናው ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው። የባልቲሞር መርከቦች ያንን የስንዴ ዱቄት ጭነው ሪዮ ዴ ጄኔሮ ይወርዱና ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከአሜሪካ ዋና ዋና የቡና ወደቦች አንዷ ናት። ቡናውን የሚለቅመው ደግሞ የብራዚል ባሪያ ነው፤ እዚያ ባርነት እስከ 1888 አልቀረም። የኛ አገር ዛፍ በሰው አገር በሰንሰለት ሲለቀም ማሰብ ይከብደኛል።

ከፔሩ ደሴቶች ደግሞ የባሕር ወፍ ኩስ በመርከብ ያስመጡ ነበር፣ ለዚያ ለደከመው የትንባሆ መሬት ማዳበሪያ። ሽታውን አስቡት። ቡናና የወፍ ኩስ አንድ ወደብ ላይ! በዚህ ላይ ኦይስተሩ አለ፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው የባሕር እንስሳ። ከባሕረ ሰላጤው ይዛቃል፣ ፋብሪካ ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በቢላ ይፈለቅቁታል፣ በቆርቆሮ ታሽጎ በዚያው ባቡር ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ዛጎሉ መንገድ ላይ ይነጠፋል። እኔ ኦይስተር አንዴ ሞክሬያለሁ። አንዴ ይበቃል።

---

ካሚዮን ሾፌሩ · ረቡዕ ማታ

ወይ ጉድ! ዛሬ ጭነት አራግፌ ስመለስ ሆን ብዬ በፕራት ስትሪት አካባቢ አለፍኩ። የላውረሉ ያልከው ማጎሪያ ምልክቱም አይታየኝም፤ ሆቴልና ቢሮ ነው። እዚያ መንገድ ላይ የእርስ በርስ ጦርነቱ የመጀመሪያ ደም ፈሰሰ የሚባለውስ እውነት ነው?

---

የላውረሉ · ረቡዕ ማታ

እውነት ነው፣ ሰበቡም የወደብ ከተማ ሰበብ ነው። ያኔ ከሰሜን የሚመጣው ባቡር ፕሬዚዳንት ስትሪት ጣቢያ ይቆማል። ወደ ዲሲ የሚሄደው ከካምደን ጣቢያ፣ ዛሬ ቤዝቦል ሜዳው ካለበት፣ ይነሳል። በመሃል አንድ ማይል ያህል አለ። የእንፋሎት ሞተር በከተማው መሃል እንዲሄድ አይፈቀድም ነበርና ፉርጎዎቹ ተፈትተው በፈረስ ይጎተታሉ፣ በፕራት ስትሪት፣ በመርከቦቹ አጠገብ።

ኤፕሪል 19፣ 1861 የማሳቹሴትስ ወታደሮች ዲሲን ሊጠብቁ ሲያልፉ ያመጸውን ደቡብ የሚደግፍ ሕዝብ ወጣባቸው። ሐዲዱ ላይ አሸዋ ደፉ። አጠገባቸው ካለው ወደብ የመርከብ መልሕቅ ጎትተው አጋደሙ። የቀሩት ወታደሮች ወርደው በእግር መሄድ ግድ ሆነባቸው። ድንጋይ፣ ከዚያ ጥይት። አራት ወታደርና አሥራ ሁለት የከተማ ሰው ሞተ። ድሮም ረብሻ የለመደች ከተማ ናት፤ «የመንጋ ከተማ» የሚል ቅጽል ስም ነበራት።

---

ፈረስ ይሻላል · ረቡዕ ማታ

አያችሁ? ፈረሱ በ1861ም ሥራ ላይ ነው።

---

ሞጋች · ሐሙስ ጠዋት

ታዲያ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ባሪያዎቹን ነጻ አወጣቸው፣ ዳግላስም ተመለሰ፣ አለቀ?

---

እትዬ · ሐሙስ ጠዋት

የለም የለም። የሊንከን አዋጅ ሜሪላንድን አይነካም ነበር፤ አዋጁ የወጣው ባመጹት ግዛቶች ላይ ነው፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከኅብረቱ አልወጣችም። ባርነት እዚህ የቀረው ግዛቷ ራሷ ሕገ መንግሥቷን ለውጣ ኖቬምበር 1፣ 1864 ነው። ዳግላስ ያኔ ነው ወደ ባልቲሞር የተመለሰው፤ በገዛ እግሩ፣ ሳይደበቅ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ምን ሆነ? በ1865 የነጭ አናጺዎችና ወታፊዎች እንደገና ሥራ አቆሙ፤ ጥቁሮቹ ወታፊዎች ካልወጡ አንሠራም ብለው። ቀጣሪዎቹ ተስማሙ። ሙያውን ይዘው የኖሩት ሰዎች መንገድ ላይ ቀሩ። እዚህ ላይ አይዛክ ማየርስ ይመጣል። እዚያው ባልቲሞር ነጻ ሆኖ የተወለደ፣ በ16 ዓመቱ ወታፊ ሆኖ ሙያ የጀመረ ሰው ነው። አንቀጠርም ከተባልን የራሳችንን ግቢ እንግዛ አለ። አክሲዮኑን በአምስት ዶላር ሸጡ። አጣቢዋም፣ ወዛደሩም፣ የቤተክርስቲያን ሰውም ገዛ። 10,000 ዶላር አዋጡ። በ1868 ኩባንያው በሕግ ተመዘገበ። መርከብ ከውሃ የሚያወጣ ሐዲድ የነበረው ትልቅ ግቢ ነው። ብዙ መቶ ሰው ቀጠሩ፣ ዕዳቸውን በአምስት ዓመት ከፍለው ጨረሱ። በኋላ ነጮችንም ቀጥረዋል! ግቢው እስከ 1884 ቆየ። የመሬት ኪራዩ ናረ፣ መርከቡም ከእንጨት ወደ ብረት እየተለወጠ ነበር። ብረት ደግሞ ቃጫ አይፈልግም።

---

ጀበና · ሐሙስ ምሳ ሰዓት

አምስት ዶላር እያዋጡ? ይሄማ ዕቁብ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

---

የላውረሉ · ሐሙስ ምሳ ሰዓት

አይደለም፣ አክሲዮን ነው። ዕቁብ በዙር ይወሰዳል። እነዚህ ግን ገንዘቡን አልወሰዱም፣ ግቢ ገዙበት። ሂሳብ ላይ አትቀልዱብኝ፣ ይህ እንጀራዬ ነው።

ለሾፌራችን አንድ የቀረች ነገር ልጨምር። በዚያው በ1868 ወደቡ ማዶ፣ ሎከስት ፖይንት ላይ፣ የባቡር ኩባንያው ከጀርመን የብሬመን መርከብ ድርጅት ጋር ተስማምቶ የስደተኛ መቀበያ ከፈተ። ስደተኛው ከመርከብ ይወርድና እዚያው ባቡር ላይ ይወጣል፤ ብዙዎቹ ከተማዋን ሳያዩ ወደ ምዕራብ ያልፋሉ። አስቡት እንግዲህ፣ ከውሃው በዚህ ወገን ከሥራ የተባረሩት የዱሮ ሠራተኞች ግቢ እየገዙ፣ በዚያ ወገን አዲሱ ሰው እየገባ።

---

ካሚዮን ሾፌሩ · ሐሙስ ማታ

ሎከስት ፖይንትን አውቀዋለሁ፣ በዚያ በኩል ብዙ ተመላልሻለሁ። እኔም እንግዲህ ከተማዋን ሳላይ ካለፉት ነኝ።

እትዬ፣ የማየርስ ግቢ የነበረበት ቦታ ዛሬ ምን አለ? ባለቤቴ ቅዳሜ እንሂድ ብላለች። በስኒከር።

---

እትዬ · ሐሙስ ማታ

ፌልስ ፖይንት ውሃው ዳር፣ በሁለቱ ስም፣ በዳግላስና በማየርስ፣ የተሠራ ሙዚየም አለ። ከፊቱ ትልቅ የዳግላስ የነሐስ ፊት ታገኛላችሁ። መክፈቻ ሰዓቱን ደውላችሁ አረጋግጡ። መኪና በጠዋት ካልሆነ ማቆሚያ የለም፣ እኔ እዚያ ሰፈር ሁለቴ ተቀጥቻለሁ። ቅዳሜ ተረኛ ካልሆንኩ እኔም እመጣለሁ። ዳቦ እይዛለሁ።